አንድ ቤት፣ ሁለት ዋጋ፦ ከካዛንቺስ እስከ ጀሞ የዘለቀ የአንድ ቤተሰብ ቤት ፍለጋ

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ውስጥ በሰርቪስ ቤት የሚኖር አንድ ቤተሰብ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ስለሚነሣ ቤት እንዲፈልግ ተነገረው። የግቢው ባለቤት ምትክ እንዲሰጣቸው ተመዝግበው ነበር። ባልና ሚስቱ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ በቃል ስምምነት ብቻ ስለ ኖሩ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበረም፤ የሚያሳዩት አንድም ደረሰኝ ሆነ ውል አልነበራቸውም። ወደ ጉዳዩ የገባሁት ባልየው የአክስቴ ልጅ ስለሆነና ሕግ በመማሬ «ውሉን እይልን» ስለ ተባልኩ ነው። በዚህ ምክንያት ገለልተኛ ታዛቢ ነኝ ልል አልችልም። የሚከተለውን የጻፍኩት ግን በቤተሰቡም በአከራይዋም ፈቃድ፣ ስማቸውንና የሕንፃውን ቁጥር ሳልገልጥ ነው።

ባል በአንድ ማተሚያ ቤት የማሽን ቴክኒሻን ነው፤ ሚስት ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ሴት ልጃቸውና የአራት ዓመቱ ወንድሟ የሚማሩት እናታቸው በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስለሆነ አራቱም ጠዋት የሚወጡት አብረው ነው። የባልና የሚስቱ ደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ ከተቀነሰለት በኋላ በወር 24,000 ብር ገደማ ሲሆን፣ ባል ቅዳሜና እሑድ የተበላሹ ማሽኖችን እየጠገነ የሚያገኘው ገቢ አንድ ወር ቢኖር ሌላ ወር የማይኖር ነው። ለካዛንቺሱ ቤት ይከፍሉ የነበረው 6,500 ብር ነበር፤ ውሃውም መብራቱም ለብቻ፣ ባለቤቱ በየወሩ በገመቱት መጠን ይከፈላል። ወደ ፍለጋው ሲወጡ ለኪራይ የመደቡት 9,000 ብር ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት 10,000 አሉ፤ በአራተኛው ሳምንት 12,000 ላይ ቆሙ።

በአምስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ቤት አይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ለጥናት የሚሆን ነገር የላቸውም፦ አንዱ በቴሌግራም የታየው ፎቶ የሌላ ቤት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ጠዋት ታይቶ ከሰዓት በኋላ ተያዘ፤ አንዱ መስኮቱ በአጎራባች ግንብ የተዘጋ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ «ልጅ ካለ አይሆንም» በሚል በስልክ ብቻ ያለቁ ናቸው። አብዛኞቹ ደላሎች ቤቱን ከማሳየታቸው በፊት የማሳያ ብለው ከ100 እስከ 200 ብር ይቀበሉ ነበር። ቁልፉ ሌላ ደላላ ዘንድ የሚሆንበት ጊዜም ስለነበር፣ አንድ ቤት ለማየት ሁለት ሰው መክፈል ያጋጥማል። ባልየው በማስታወሻ ደብተሩ የጻፈውን ስደምር፣ ምንም ቤት ሳይያዝ ለማሳያ ብቻ የወጣው 1,450 ብር ደርሷል።

የቱሉ ዲምቱው ቤት ግን ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቤተሰቡን «ለምን ወጣ ብላችሁ አትከራዩም?» ይላቸው ነበር። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በ7,000 ብር ተገኝቶ ነበር። ሚስት አንድ ቀን ከዘመድ ቤት አድራ ከልጆቿ ጋር የጠዋቱን ጉዞ ሞከረችው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ወጥታ፣ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ይዛ ትምህርት ቤቷ የደረሰችው የሰልፉ ደወል ካለፈ በኋላ ነው። ትንሹን ልጅ ታቅፈው በሦስት ሰው ሂሳብ ቢሄዱ የቀን ደርሶ መልሱ 270 ብር፣ በወር በ22 የሥራ ቀን ሲሰላ 5,940 ብር ይሆናል። ከኪራዩ ጋር 12,940 ብር ማለት ነው። በመጨረሻ የያዙት የጀሞው ቤት በጊዜው በተጠየቀው 12,000 ብር ላይ የቀን 120 ብር ትራንስፖርት ሲታከልበት በወር 14,640 ብር ይደርስ ነበር። ስለዚህ በገንዘብ ብቻ ከታየ ቱሉ ዲምቱ 1,700 ብር ያተርፍ ነበር፤ ይህን የምጽፈው ሩቅ ቤት ሁልጊዜ በትራንስፖርት ይበላል የሚለው አባባል በዚህ ጉዳይ ስላልሠራ ነው። ያስቀረው የአራት ዓመቱ ልጅ እንቅልፍና በዓመቱ መካከል ትምህርት ቤት መቀየር አለመቻሉ ነበር።

ሁለተኛው ትኩረት የሚያሻው ለቡ የታየው ነው። ቤቱ ጥሩ፣ ዋጋው 11,000 ብር ሆኖ ሳለ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ፤ በአንድ ጊዜ 66,000 ብር ማለት ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ባልየው ይህንኑ በትሕትና ሲያነሣ ደላላው፣ «ወንድሜ፣ አንተ አዋጁን ይዘህ ወረዳ ስትሄድ ቤቱን የሚይዘው ሰው ከኋላህ ቆሟል» አለው። አነጋገሩ ቢያስከፋም ሁኔታውን በትክክል የሚገልጽ ነበር። ይኸው አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲፈጸም፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲደረግ ያዛል። እነዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ ለገባ ሰው የተሰጡ ጥበቃዎች ናቸው። ገና ደጅ የቆመ ሰው መብቱን ሲጠቅስ የሚያተርፈው ሌላ ተከራይ እንዲመረጥ ማድረግን ነው። አከራዮችም በሁለት ዓመት ውል የማይወዱትን ተከራይ በቀላሉ ማስለቀቅ እንደማይችሉ ስለሚያውቁ፣ ምርጫቸውን ከበፊቱ ይልቅ ያጠብቃሉ፦ ስንት ናችሁ፣ የት ትሠራላችሁ፣ ዘመድ ይበዛባችኋል ወይ፣ ምጣድ ስንት ቀን ይጣዳል። ይህን ስል አዋጁን መንቀፌ አይደለም፤ ይህ ቤተሰብ በኋላ እንደሚታየው የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ጉልበቱ ከየት እንደሚጀምር ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

የጀሞው ቤት በኅዳር መጀመሪያ ተገኘ፦ ጀሞ 1፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ 12,000 ብር። አከራይዋ ጡረታ የወጡ፣ በ1997ቱ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተመዝግበው ዕጣ የደረሳቸው፣ ዛሬ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። ቤቱን ያገናኘው ደላላ፣ ሚስትን ደረጃው ላይ አቁሞ፣ «እህቴ፣ ልጅ ስንት ነው ሲሉሽ አንድ በይ፤ ትንሹ ከገባችሁ በኋላ ይመጣል» ብሎ መክሯት ነበር። አምስት ሳምንት የዞረ ሰው ምክር አይመርጥም፤ እርሷም አንድ ነው አለች። አከራይዋ በበኩላቸው ከተስማሙ በኋላ የራሳቸውን ነገር አመጡ። ቤቱ 12,000 ቢሆንም በውሉ ላይ የሚጻፈው 6,000 እንዲሆን፣ ቀሪው 6,000 በየወሩ በእጅ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። እኔ የተጠራሁት በዚህ ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለው ሁለት ዋጋ ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ግለሰብ ቤት እንዳያከራይ ከከለከለ በኋላ፣ ከተማው ለብዙ ዓመታት የኖረው በደባልነት ነው፤ ክፍል ለዘመድ ተሰጠ ይባላል እንጂ ተከራየ አይባልም፣ ገንዘቡም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ክልከላው ቀርቶ ኪራይ እንደገና ሲፈቀድ የአከፋፈል ልማዱ ግን ብዙ አልተለወጠም። የእኛ ሰው ወረቀት ማለት ጸብ ማለት ይመስለዋል፤ የካዛንቺሱም ቤት ሰባት ዓመት ያለ ውል የቆየው ባለቤቱ ክፉ ስለነበሩ አይደለም፣ ሁለቱም ወገኖች ውል መጠየቅን እንደ አለመተማመን ስለቆጠሩት ነው።

አከራይዋን ያሳሰባቸው ግብር ነበር፤ ስለዚህ ከሥነ ምግባር ክርክር ይልቅ ሂሳብ ይዤ መሄድን መረጥኩ። በጊዜው ይሠራበት በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሂሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከዓመታዊ የኪራይ ገቢው ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ተቀናሽ ይሆንለታል። ከቀሪው የመጀመሪያው 7,200 ብር ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ10 እስከ 35 በመቶ ከፍ እያለ በሚሄድ መጠን ይሰላል። ሌላ የኪራይ ገቢ ለሌላቸው ለእርሳቸው፣ በወር 12,000 ብር በዓመት 144,000፣ ግማሹ 72,000፣ ግብሩ 11,220 ብር ይሆናል። በውሉ ላይ 6,000 ቢጻፍ ደግሞ ግብሩ 3,690 ብር ነው። ልዩነቱ በዓመት 7,530 ብር፣ በወር ሲካፈል ከ630 ብር በታች።

ይህን ቁጥር ሲሰሙ መጀመሪያ አላመኑኝም። አንድ ጎረቤታቸው «ግማሹን መንግሥት ይወስደዋል» ብሏቸው ስለ ነበር፣ ግብሩ የኪራዩን ግማሽ የሚያህል መስሏቸው ኖሯል። ወረቀት ላይ ደረጃ በደረጃ ሠርቼ አሳየኋቸው፤ በልጃቸው ስልክም በድጋሚ ተሰላ። ከዚያ በሌላው ወገን ያለውን አስቀመጥኩ፦ 6,000 ብር በየወሩ ያለ ሰነድ የሚሰጥ ከሆነ በዓመት 72,000 ብር በተከራዩ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ገንዘብ ነው። ተከራዩ በአምስተኛው ወር «ውሌ 6,000 ይላል» ብሎ የቀረውን ቢያቆም የተመዘገበው ውል የሚመሰክረው ለእርሱ ነው። በዓመት 7,530 ብር ለማዳን 72,000 ብር ማስያዝ ማለት ነው። ለተከራዩም ቢሆን ነገሩ የሚመች አይደለም፤ በእጅ የሰጠውን 6,000 ተቀበልኩ የሚል ማስረጃ ስለሌለው አልከፈልክም ቢባል መልስ የለውም፣ በግብር ማጭበርበርም ተባባሪ ይሆናል። አንዱ ሌላውን አንገት ለአንገት ይዞ ሁለት ዓመት መኖር ነው።

አከራይዋ ዝም ብለው ቆዩና፣ ከዚህ በፊት የነበረ ተከራይ ስምንት ወር አስቸግሯቸው፣ የመብራትና የውሃ ዕዳ ጥሎባቸው እንደ ወጣ ነገሩን። «እኔ የምፈራው ግብሩን ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ሰው አይወጣልኝም ብዬ ነው» አሉ። እንደኔ ግምት የጉዳዩ ትክክለኛ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ዝቅ ተደርጎ የሚጻፍ ዋጋ ለእርሳቸው የግብር ማምለጫ ብቻ ሳይሆን ተከራዩን የሚይዙበት ገመድም መስሏቸው ነበር፤ በሂሳቡ የታየው ግን ገመዱ በራሳቸው አንገት ላይ መሆኑ ነው።

ያልጠበቅሁት የመጣው ከወዲህ ወገን ነው። እኔ ስለ ሐሰት ውል እየተናገርኩ ሳለሁ ሚስት ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ እኛም አንድ ነገር ደብቀናል። ልጆቻችን ሁለት ናቸው» አለች። ባል ደነገጠ፤ ደላላው ወደ በሩ ዞረ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያች ቅጽበት ቤቱ አለቀለት ብዬ ነበር፤ አስቀድማ ብትጠይቀኝም ዝም በይ እላት ነበር። አከራይዋ የልጁን ዕድሜ ጠየቁ፣ አራት ዓመት መሆኑ ሲነገራቸው፣ «ልጄ፣ እኔን ያስጨነቀኝ የልጁ ቁጥር መሰለሽ? ውሃው ነው። እዚህ አራተኛ ፎቅ ግፊት የለውም፤ ሲሄድ ጀሪካን የምታወጡት እናንተ ናችሁ፤ አራት ሰው ምን ያህል እንደሚፈጅ እኔ ዐውቃለሁ» አሉ። ከዚህ በኋላ ንግግሩ ስለ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቤቱ ሆነ፤ ውሃ የሚመጣባቸው ሌሊቶች፣ ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ምጣድና ምድጃ አንድ ላይ ሲበሩ የሚወድቀው ማብሪያ ሁሉ ተነገረ። አንድ ሰዓት በፊት ማንም የማይነግራቸው ነገሮች ነበሩ።

ስምምነቱ እንዲህ ተቋጨ። ሙሉው ኪራይ በውሉ ላይ ይጻፋል፤ ተከራዮቹ የግብሩን ጫና ለመጋራት በወር 300 ብር ይጨምራሉ፤ ኪራዩ 12,300 ብር ይሆናል። በዚህ ዋጋ ዓመታዊ ግብሩ 11,670 ብር ስለሚሆን አከራይዋ የሚቀራቸው 135,930 ብር ነው፤ በሁለት ዋጋው መንገድ ሁሉም ነገር ያለ እንከን ቢሄድላቸው 140,310 ብር ይቀርላቸው ነበር። ያጡት በወር 365 ብር ነው። ለቤተሰቡ 300 ብር ቀላል አይደለም፤ ኪራዩን ከገቢያቸው ከግማሽ በላይ አድርሶባቸዋል፣ እኔም በዚህ አልተደሰትኩም። ደላላው 3,000 ብር ጠይቆ በ2,000 ተስማማ፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር አልተነሣም፣ እኔም ደክሞኝ ስለ ነበር አላነሣሁም።

ውሉን ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የፈጀው የኪራዩ አንቀጽ አይደለም። ከቀድሞው ተከራይ ዕዳ በመነሣት፣ በመግቢያው ቀን የውሃ ቆጣሪው ንባብ በሁለቱም ፊት ተነቦ በውሉ ላይ እንዲሰፍርና የቀድሞው ዕዳ በአከራይዋ እንዲዘጋ ተደረገ። የመብራቱ ቆጣሪ ካርድ የሚሞላበት ስለነበር ክርክር አላስነሣም። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ግን አስነሣ። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለሆነ ከማኅበሩ ፊት ተጠያቂዋ ባለቤቲቱ ናቸው፤ ወርኃዊውን መዋጮ ተከራዮቹ እንዲከፍሉ፣ ለሕንፃው ጣሪያና ለፍሳሽ መስመር የሚጠየቅ ልዩ መዋጮ ግን የአከራይዋ እንዲሆን ተስማሙ። የሁለት ወር ቅድሚያ፣ 24,600 ብር፣ በባንክ ተላለፈ፤ ከዚህ ውስጥ 15,000 ብሩ የተገኘው ከሚስት የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ለእርሷ የሚወጣው በየካቲት ቢሆንም አንዲት ባልደረባዋ ተራዋን ሰጠቻት። የአራቱም ሰዎች ስም፣ የትንሹ ልጅ ጭምር፣ በውሉ ላይ ተጻፈ።

ምዝገባው በወረዳው የተፈጸመው ከሁለት ምልልስ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጎደለው የአከራይዋ የይዞታ ማስረጃ ቅጂ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ከካዛንቺስ ጋር የሚያያዝ ነው። ቤተሰቡ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ሲጠይቅ በዚያ አድራሻ ነዋሪ ሆኖ ስለመመዝገቡ ማስረጃ ተጠየቀ፤ የሚያቀርቡት ውል ስላልነበራቸው የግቢው ባለቤት በአካል ሄደው መመስከር አስፈለጋቸው። ሰውየው ምትክ ቤታቸውን ለመረከብ ደፋ ቀና በሚሉበት ሳምንት ሥራቸውን ትተው መጡላቸው። ባይመጡ ኖሮ ምን ይደረግ እንደ ነበር ዛሬም አላውቅም።

ቤተሰቡ ጀሞ ከገባ ወራት አልፈዋል። ኪራዩ በየወሩ በባንክ ይላካል፤ ሚስት የማስተላለፊያ ወረቀቶቹን ከውሉ ጋር በአንድ ማኅደር ታስቀምጣለች። አከራይዋ ሮቶውን ገዝተው ተከራዮቹ ማስገጠሚያውን ችለዋል። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ አንቀጽ ስንጽፍ የዘለልነው ነገር በሁለተኛው ወር ብቅ አለ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃ እያሳለፈ የሦስተኛ ፎቁን ጎረቤት ኮርኒስ አበላሸ። ሴራሚኩን አንሥቶ ማደሱ የአከራይዋ ድርሻ መሆኑን ሁሉም ይቀበላል፤ የጎረቤቱን ኮርኒስ ማን እንደሚያስቀባ ግን ውሉ የሚለው የለም። አከራይዋ «ውሃውን ያፈሰሰው የሚኖርበት ነው» ይላሉ፤ ባልየው «ወለሉ እኛ ሳንገባ የተሰነጠቀ ነው» ይላል፤ ጎረቤቱ ሁለቱንም በየተራ ይደውልላቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ሦስቱም ወለሉን ለማየት አብረው ገብተው ነበር፤ የሠራተኛው ግምት 4,800 ብር መጥቶ ለጊዜው ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ተቀምጧል።